ያገለገለ ራቼት መፍቻ ሲገዛ ጭንቅላቱ ይፈተሽ

ያገለገለ ራቼት መፍቻ፣ ማለትም ከብሎኑ ላይ ሳይነሳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዞር መፍቻ፣ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው። ክሮሙ ያብረቀርቅ እንደሆነ፣ የየት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ሲያነሱት ይከብድ እንደሆነ ያያል፤ ከዚያም አንድ ሁለት ጊዜ በባዶው አሽከርክሮ «ክር ክር» ሲል ከሰማው ደኅና ነው ብሎ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ አጥብቄ ልናገር የምፈልገው፣ ራቼት በድምፁም ሆነ በእጀታው ሊመዘን የማይችል መሣሪያ መሆኑን ነው። ሥራውን የሚሠሩት በጭንቅላቱ ውስጥ የተደበቁት ክብ ጥርስ፣ ጥርሱን ይዛ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲዞር የምታደርገው ትንሽ ብረት እና ይህችን ብረት የምትገፋው ሞላ ናቸው። ትንሿን ብረት ከዚህ በኋላ ምላስ እላታለሁ። መፍቻው በባዶው ሲሽከረከር የሚሰማው ድምፅ ሞላዋ ምላሷን እየገፋች መሆኗን ብቻ ይነግረናል፤ ምላሷ የሰው ጉልበት ሲያርፍባት ትችል እንደሆነ ግን ምንም አይነግረንም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ምላሷ ጫፏ ተበልቶ ከሆነ ራቼቱ ልል ብሎን ሲያዞር ያለ ችግር ይሠራል፤ የጠበቀ ብሎን ላይ ሙሉ ጉልበት በተጣለበት ቅጽበት ግን ከጥርሱ ላይ ይዘልላል፣ እጅም ከነግፊቱ ሄዶ ፊት ለፊት ባገኘው ብረት ላይ ያርፋል። ሞተር ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የሚገኘው ብዙ ጊዜ የራዲያተር ጠርዝ ወይም የማራገቢያ ምላጭ ነው። በዚህ መንገድ የጣት አጥንቱ የተሰበረ መካኒክ አውቃለሁ። ስለዚህ መፈተሽ የሚገባው ገንዘብ እንዳይባክን ብቻ ሳይሆን እጅም እንዳይጎዳ ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ጉጥ ያለውና ቡሶላ፣ ማለትም የብሎኑን ጭንቅላት የሚውጠው ክብ ብረት፣ የሚሰካበት እጀታ ነው። ጉጡ በኢንች ይለካል፤ ሩብ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ግማሽ እና ሦስት አራተኛ ኢንች የሆኑት የተለመዱ ናቸው፤ በቤት መኪና ሥራ ላይ በብዛት የሚያስፈልጉት ግን መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት መልኩ እንደ ተራው መፍቻ ሆኖ አንደኛው ጫፉ ክፍት አፍ፣ ሌላኛው ጫፉ ደግሞ ውስጡ ራቼት ያለበት ዝግ ቀለበት የሆነው ነው። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት በቀጭን ጭንቅላትና በደቃቅ ጥርስ ሠርቶ በስፋት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ገበያ የወጣው ጊርሬንች የተባለው የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የታይዋንና የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ሠርተውታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርበው በሪቬት የተያያዙባቸው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ቀለበት የሆነ፣ አቅጣጫ ለመቀየርም ገልበጥ ማድረግ ብቻ የሚበቃቸው ነበሩ። እነዚህን የቆዩትን ያገኘ ሰው ሪቬቶቹ ያልላሉ እንደሆነ ይፈትሽ፤ ጠፍጣፋዎቹ ብረቶች እርስ በርሳቸው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ውስጥ ያለው ጥርስ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መፍቻ ለሚፈልግ ሰው መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ የታወቀ ነው፤ ሶማሌ ተራም ዋና ሥራው የመኪና መለዋወጫ ቢሆንም በመለዋወጫው መካከል መሣሪያ አይጠፋበትም። ሁለቱ ቦታዎች ለገዥ የሚሰጡት ጥቅም ግን አንድ አይደለም። ምናለሽ ተራ ዕቃው ይበዛል፣ ይደባለቃል፣ ዋጋውም በክርክር ይወርዳል፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ የተፈታ ሞተርና ካምቢዮ በየበሩ ስለሚቀመጥ መፍቻውን በእውነተኛ ብሎን ላይ የመሞከር ዕድል አለ። እኔ በበኩሌ ይህን ዕድል ከዋጋ ቅናሽ አስበልጬ አየዋለሁ።

አሁን ስለ ጽሑፉና ስለ ምልክቱ ላንሳ። በእጀታው ላይ ያለው የአገር ስም ስለ ዕድሜው ብዙ ይናገራል። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል የተቀረጸበት መፍቻ ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋሐዳቸው በፊት የተሠራ ነው፤ የሶቪየት ኅብረት ምልክት ያለበት ከ1991 በፊት፣ የቼኮዝሎቫኪያ ስም ያለበት ደግሞ አገሪቱ በ1993 መባቻ ለሁለት ከመከፈሏ በፊት የተሠራ ነው። በደርግ ዘመን ከላዳ፣ ከኡራልና ከኢፋ መኪኖች ጋር አብሮ የገባ የምሥራቁ ዓለም መሣሪያ ዛሬም ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ መልኩ ሻካራ፣ ክሮሙም የሳሳ ነው፤ በዚህ ብቻ ግን ሊናቅ አይገባም። ከጀርመን ሥራ ሃዜት፣ ጌዶሬ እና ስታልቪሌ፣ ከጣሊያን ቤታ፣ ከፈረንሳይ ፋኮም፣ ከአሜሪካ ስናፕ-ኦን፣ ከጃፓን ኮከን፣ ከታይዋን ኪንግ ቶኒ በመልካም ስም የሚታወቁ ናቸው። ሃዜት እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ የቆየ፣ ስናፕ-ኦን ደግሞ በ1920 የተመሠረተ በመሆኑ፣ አንድ እጀታ እነዚህን ስሞች ስለያዘ ብቻ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

ቡሶላ በሚሰካባቸው ራቼቶች ላይ ሌላ የዕድሜ ምልክት አለ፤ እርሱም በጭንቅላቱ ጀርባ መካከል የምትገኝ፣ ሲጫኗት ቡሶላውን የምትለቅ ትንሽ መጫኛ ናት። በአሜሪካ የሲርስ መደብር ሠራተኛ የነበረው ፒተር ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዓይነት ሥራ በስፋት የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ ነው። መጫኛ ያለው ራቼት ሲገዛ መጫኛዋ በነፃነት ገብታ የምትመለስ መሆኗንና ጉጡ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ቡሶላውን በርግጥ የምትይዝ መሆኗን ማየት ያስፈልጋል፤ ኳሷ ካልያዘች ቡሶላው ሥራ መካከል እየወለቀ ሞተር ሥር ይወድቃል።

«ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ነው፤ እኔ ግን ብቻውን ዋጋ አልሰጠውም። የብረቱን ዓይነት እንጂ በእሳትና በማቀዝቀዝ እንዴት እንደጠነከረ አይናገርም፤ በዚያ ላይ ማንም ፋብሪካ ሊጽፈው ይችላል። ከዚያ የተሻለ ምስክር የሚሆነው የጽሑፉ አጻጻፍ ነው። በደኅና መፍቻ ላይ ስሙና ቁጥሩ ብረቱ ሲቀጠቀጥ አብሮ የወጣ ወይም በጥልቀት የተመታ ስለሚሆን፣ ፊደሎቹ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እኩል ነው። ፊደል የተሳሳተበት፣ ስሙ ከአንድ አገር ሆኖ ምልክቱ የሌላ አገር የሆነ፣ ወይም በቀላሉ በጥፍር የሚፋቅ ጽሑፍ ያለበት መፍቻ በታዋቂ ስም ዋጋ ሊገዛ አይገባም። ይህ ማለት ግን መጥፎ መፍቻ ነው ማለት አይደለም፤ በራሱ ፈተና አልፎ፣ በራሱ ዋጋ ከተገኘ ይገዛል።

ከስሙ ይልቅ ቁጥሩ፣ ማለትም በሚሊ ሜትር የሚለካው የብሎኑ ጭንቅላት ስፋት፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ አገር የሚበዛው ቶዮታ ስለሆነ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ያለው ሰው አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን በጃፓን መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ 12 ቁጥር ጭንቅላት ሲኖረው፣ በላዳና በአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን 13 ቁጥር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በጃፓን 14፣ በላዳና በቆዩ የጀርመን መኪኖች 17 ይሆናል። ስለዚህ «13 ቁጥር በርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚገዛ የኮሮላ ባለቤት፣ መፍቻው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ብዙ አይጠቀምበትም።

በኢንች የተሠሩት ደግሞ በሚሊ ሜትሩ መካከል ተደባልቀው ይሸጣሉ። ሦስት አራተኛ ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 19 ቁጥር ብሎን ላይ ያለ ጉዳት ይገባል። ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ላይ አይገባም፣ 12 ቁጥር ላይ ሲገባ ደግሞ እየተንሸራተተ የብሎኑን ማዕዘን ይላጨዋል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች 14.29 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 14 ቁጥር ላይ የሚይዝ ይመስላል፤ ብሎኑ የጠበቀ ከሆነ ግን እርሱም ያበላሸዋል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስቱት የድሮ የእንግሊዝ ዊትዎርዝ መፍቻዎች ናቸው፤ በላያቸው የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ውፍረት እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት ስለማይናገር፣ «ሩብ ዊትዎርዝ» የሚለው አፉ ከ13 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ካሊፐር፣ ማለትም ስፋት በትክክል የሚለካበት መሣሪያ፣ ያለው ሰው ይዞ ይሂድ፤ የሌለው ደግሞ እንደ እኔ ጭንቅላታቸው ያልተበላ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ብሎኖችን በኪሱ ይያዝ። ብሎኑ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ እጅግ ጥቂት ብቻ መንቀሳቀስ አለበት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀለበቱ ተለጥጧል ወይም ቁጥሩ የእርሱ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ፈተና ነው። ሻጩን «ወንድሜ፣ እዚህ ሞተር ላይ አንድ ብሎን ልሞክርበት» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዕቃውን የሚያምንበት ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሞተሩን ያሳያል። በቅድሚያ በጠመኔ ቀለበቱ ላይ አንድ ምልክት ይደረግና ብሎኑ ላይ ይሰካል። ከዚያም ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ቀስ እያሉ ጉልበት መጨመር ነው፤ በቅጽበት ሳይሆን እየጨመሩ፣ እጅንም ቢዘልል የማይመታበት ቦታ አድርጎ፣ ከተቻለ በተከፈተ መዳፍ እየገፉ። ምላሷ የምትይዝ ከሆነ መፍቻው እንደ አንድ ወጥ ብረት ጸንቶ ይቆማል። «ጭክ» ብሎ ትንሽ ከተንሸራተተና እንደገና ከያዘ፣ ወይም ጉልበት ሲጨመር ውስጡ ሲፈራገጥ በእጅ ከተሰማ፣ በማንኛውም ዋጋ ቢሆን መተው ይሻላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥርሶች ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ ማድረግ፣ ጠመኔው ዙሩን እስኪጨርስ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል፤ አንድ ጥርስ ብቻ የተሰበረበት ራቼት በሌሎቹ ላይ ሁሉ ጤነኛ መስሎ ይታያልና።

ፈተናው በሁለቱም አቅጣጫ መደረግ አለበት፤ ብዙ ገዥ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ጥርሱ ክብ ስለሆነ ድካሙን በዙሪያው ሁሉ ይከፋፈለዋል፤ ምላሷ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ያንኑ ሸክም ስለምትሸከም ቀድማ የምታልቀው እርሷ ናት፣ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ጠርዙ እንደተበላ የበር መቀርቀሪያ። አቅጣጫ በሚቀያይሩት ራቼቶች ላይ ምላሷ ለማጥበቂያ አንድ ወገን፣ ለመፍቻ ሌላ ወገን አላት። መካኒክ ደግሞ ከባዱን ጉልበት የሚያወጣው የዛገና የጠበቀ ብሎን ሲፈታ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ማጥበቂያው በደንብ የሚይዝ፣ ወደ መፍቻው ግን የሚዘልል ራቼት በየገበያው ያጋጥማል። መቀየሪያዋ ዘንግም በየወገኑ «ጠቅ» ብላ መቀመጥ አለባት፤ መካከል ላይ የምትቆም ወይም እጅ ሲነካት የምትዞር ከሆነ በሥራ ላይ ሳይታሰብ አቅጣጫ ትቀይራለች።

የመጨረሻው ፈተና የቅለት ነው። ብሎኑን በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ ይዞ መፍቻውን ወደ ኋላ መመለስ፤ ብሎኑ አብሮ ከዞረ ራቼቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ይከብዳል ማለት ነው፣ ልል ዳዶ ላይም አይሠራም። ይህ ግን ከመዝለል የተለየ ነገር ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውስጥ ከደረቀ ግራሶና ከአቧራ ስለሆነ ታጥቦ ይለቃል፤ ስለዚህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት እንጂ ላለመግዛት ምክንያት አይደለም።

ስለ ጥርስ ብዛት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሻጮች «ባለ 72 ነው» እያሉ ዋጋ የሚጨምሩበት ነገር ሆኗል። 72 ጥርስ ያለው ራቼት በየ5 ዲግሪው ይይዛል፤ 24 ጥርስ ያለው በየ15 ዲግሪው ነው። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ላይ ይህ ማለት የእጀታው ጫፍ ቀጣዩን ጥርስ ለመያዝ በመጀመሪያው ወደ 1.7፣ በሁለተኛው ወደ 5.2 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት ማለት ነው። የሞተሩ ጎንና የአካሉ ብረት በተቀራረቡበት ቦታ ይህ ልዩነት ሥራውን የሚያስችል ወይም የሚያስቀር ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ግን ምንም አይጨምርም፤ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ቁጥር እያንዳንዱ ጥርስ ስለሚያንስ ቆሻሻ ሲገባበት ቶሎ ይቸገራል። አንዳንዶቹ ሁለት ምላስ ኖሯቸው 36 ጥርስ ይዘው 72 ጊዜ ስለሚጮኹ፣ ድምፅ ቆጥሮ የጥርሱን መጠን ማወቅ ሁልጊዜ አይቻልም።

በዓይን ከሚታዩት ጉዳቶች መካከል በጭንቅላቱ ጠርዝ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የተበየደ ቦታ እና በግራይንደር የተበላ ቀለበት ወዲያው የሚያስተዉ ናቸው። ብየዳ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። እጀታው ትንሽ የጎበጠ ከሆነ ቱቦ እየተሰካበት ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበታል፤ የጎበጠ እጀታ ያለው ራቼት ምላስም አብራ ተጎድታ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ ያለ ዝገት ግን አያስፈራም። የሚላላጥ ክሮም ብረቱን ባያደክመውም ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ በሊማ ወይም በሸካራ ወረቀት መለሳለስ አለበት።

የተገዛውን ራቼት ቤት ወስዶ ሳያጥቡ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ጭንቅላቱ በብሎኖች ወይም በማቆሚያ ቀለበት የተዘጋ ከሆነ ይከፈታል፤ ሞላዋ ተስፈንጥራ የምትጠፋ ስለሆነች ግልጽ በሆነ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጅን አስገብቶ መክፈት ይበጃል፤ ከመንቀልም በፊት የእያንዳንዱን አቀማመጥ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያም ቀለል ያለ ዘይት ወይም በጣት ጫፍ የሚቀባ ጥቂት ለስላሳ ግራሶ ይበቃዋል። ለጎማ ቋት የሚሆነውን ወፍራም ግራሶ ሞልቶ መዝጋት ጥሩ አይደለም፤ ምላሷ በግራሶው ውስጥ እየዘገየች ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ሳትይዝ ጉልበት ሲያርፍባት ጫፏ ይበላል፣ ይህ ደግሞ ጤነኛውን ራቼት ወደሚዘልል ራቼት የሚለውጠው ነገር ነው። ሊከፈት የማይችለውን በነጭ ጋዝ ነክሮ፣ እያሽከረከሩ ቆሻሻው እስኪወጣ ማጠብና ዘይት ጠብ ማድረግ ብቻ ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ ራቼት የፍጥነት እንጂ የጉልበት መሣሪያ አይደለም፤ በተለይ ቀለበት ዓይነቱ። የጠበቀ ብሎን መጀመሪያ የሚላላው በተራው ዝግ መፍቻ ወይም ራቼት በሌለው ረጅም የቡሶላ እጀታ ነው፤ ከላላ በኋላ ራቼቱ ገብቶ ይጨርሰዋል። በማጥበቅ ጊዜም እንዲሁ ራቼቱ ብሎኑን እስኪቀመጥ ድረስ ያመጣዋል፣ የመጨረሻው ጉልበት ግን በተራ መፍቻ ወይም ልኩ በሚታወቅበት በቶርክ መፍቻ ይሰጣል። በኮሮላ ላይ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ጉልበት ያገለገለ ቀለበት ራቼት ላይ መጣል በምላሷ መቀለድ ነው። መዶሻ መምታትም ሆነ ቱቦ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ባትሪ ላይ በ10 ቁጥር ሲሠራ መጀመሪያ የሚፈታው ነጌቲቩ ነው፤ ረጅሙ የብረት እጀታ ፖዘቲቩን ከመኪናው አካል ጋር ቢያገናኘው ብልጭታው እጅንም መፍቻውንም ያቃጥላል።

አቅጣጫ መቀየሪያ የሌለው ቀለበት ራቼት አንድ የራሱ አደጋ አለው። ብሎን ሲፈታ ጭንቅላቱ እየወጣ ይሄዳል፤ ፊት ለፊቱ ጠባብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሞተሩ ፊትና ራዲያተሩ በተቀራረቡበት ቦታ፣ መፍቻው በብሎኑ ጭንቅላትና በራዲያተሩ መካከል ተቆልፎ ይቀራል። ወደ ኋላ ለማጥበቅ ቢፈለግ ራቼቱ ያሽከረክራል እንጂ ብሎኑን አይመልሰውም፣ ገልብጦ ለማስገባትም መውጣት አይችልም። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የብሎኑን ርዝመትና ፊት ለፊቱ ያለውን ክፍተት በጣት ለክቶ፣ ክፍተቱ ካነሰ በተራው ክፍት አፍ መፍታት፣ ወይም መቀየሪያ ዘንግ ያለውን መጠቀም ያስፈልጋል። ከተቆለፈ በኋላ ያለው መንገድ ራዲያተሩን ከማሰሪያው ፈትቶ ማራቅ ነው።